የጓሮ ፍጅል በሰፈራ ጣቢያ

ከድርቅ አካባቢ ተነሥቶ በአዲስ ሥፍራ ለሰፈረ ቤተሰብ የሚታደለው ቀለብ በአብዛኛው እህል፣ ጥራጥሬና ዘይት ነው። ይህ ምግብ ረኀብን ቢያስታግሥም ቪታሚን ሲ የለውም ለማለት ይቻላል። ሰው ለወራት በዚሁ ብቻ ሲኖር ድዱ ያብጣል፣ ይደማል፤ መገጣጠሚያውን ያመዋል፤ ቁስሉም ቶሎ አይድንም። ስኩርቪ የተባለው ይህ በሽታ በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሶማሊያና በሱዳን በነበሩ የኢትዮጵያውያን ስደተኞች መጠለያዎች ታይቷል። ስለሆነም የአትክልት ዘር ከቀለቡ ጋር አብሮ ሊታደል ይገባል። ለዚህ ከሚስማሙት አንዱ ጃፓኖች ዳይኮን የሚሉት ረጅሙ ነጭ ፍጅል (ራዲሽ) ነው።

ጥቅሙ

የዳይኮን ዋና ጥቅም ፈጥኖ መድረሱ ነው። በቆሎ አራት ወር ገደማ ሲፈጅ የዳይኮን ቅጠል በአንድ ወር፣ ሥሩ ደግሞ ከ50 እስከ 70 ቀን ባለው ጊዜ ለምግብ ይደርሳል። በ100 ግራም ጥሬ ሥር ውስጥ 20 ሚሊ ግራም ያህል ቪታሚን ሲ ይገኛል፤ ቅጠሉም እንደ ጎመን ተቀቅሎ ይበላል። ብዙ ማብሰል ቪታሚኑን ስለሚያጠፋ ሥሩን ጥሬውን፣ ቅጠሉን ለጥቂት ጊዜ ብቻ ቀቅሎ መመገብ ይመረጣል። ይሁን እንጂ ፍጅል ኃይል ሰጪ ምግብ አይደለም። ጓሮው ለመለመ ተብሎ የእህል ቀለብ ሊቀነስ አይገባም።

የመዝሪያ ጊዜ

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ከተነሣው 600,000 ያህል ሕዝብ ከፊሉ የሰፈረው እንደ መተከል ባሉ ሞቃት ሥፍራዎች ነበር። ዳይኮን ግን ቀዝቀዝ ያለ አየር ይወዳል፤ በበጋው ሐሩር ቢዘራ ሥሩ እንደ እንጨት ይደርቃል፣ ያቃጥላል፤ ተክሉም ያለጊዜው ያብባል። በቆላ ዝናሙ ሊያበቃ ሲል ተዘርቶ ሥሩ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት በኅዳርና በታኅሣሥ እንዲወፍር ማድረግ ያስፈልጋል። ዘግይቶ የደረሰ ዘር ያልደረሰ ያህል ነው።

አዘራሩና እንክብካቤው

መሬቱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ተቆፍሮ ድንጋዩ ይለቀም፤ ውሃ የሚቋጥር መሬት ከሆነ መደቡ ከፍ ይበል። ያልበሰበሰ ፍግ ሥሩን ስለሚያንሻፍፍ አይጨመር። ተክሉ መዛወርን ስለማይወድ ዘሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት እዚያው በቋሚ ቦታው ይዘራል። ሁለት ሦስት ቅጠል ሲያወጣ በተክሎቹ መካከል 20 ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪቀር ይሳሳል፤ የተነቀለውም ይበላል። መሬቱ ደርቆ ቆይቶ በድንገት ቢርስ ሥሩ ስለሚሰነጠቅ ጥቂት ጥቂት እያሉ ዘወትር ማጠጣት ይበጃል። ዳይኮንና ጎመን ዘመዳሞች በመሆናቸው ተባያቸውም አንድ ነው፤ ስለዚህ በአንድ መደብ ላይ አይከታተሉ።

ስለ ዘር

ዲቃላ ዘር በሁለተኛው ትውልድ ጠባዩን ስለማይጠብቅ፣ ግዥ የሚፈጽሙ ክፍሎች ዲቃላ ያልሆነውን እንዲመርጡ ያስፈልጋል። ሰፋሪው መልካም መልካሙን ተክል ሳይነቅል ለዘር ቢተው፣ ለከርሞው የሌላ እጅ አይጠብቅም።