የባይፖላር መድኃኒትን በምን እንመዝነው?

ባለፈው ዓመት አንድ ለቅሶ ቤት፣ አጠገቤ ለተቀመጠው ወዳጄ ቡና ቀረበለት። ሲኒውን ሲያነሳ እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ሲኒና ማስቀመጫው ተንኳኩ፤ ጥቂት ቡናም ሱሪው ላይ ፈሰሰ። ማንም ምንም አላለውም። ግን ሁሉም አየ፤ እሱም ማየታቸውን አየ። ለባይፖላር ሕመሙ ሊቲየም የሚባል ኪኒን መውሰድ ከጀመረ 3 ዓመት ሆኖት ነበር። በማግስቱ ለማንም ሳይናገር ተወው። 2 ወር ሳይሞላ እንቅልፍ ጠፋው። ሌሊቱን ሙሉ ሰው ጋ ይደውላል፤ ላገኘው ሁሉ ገንዘብ ላበድር ይላል። ቤተሰቡ የደረሰበት ሱቁን በማይረባ ዋጋ ሊሸጥ ውል ሊፈርም ሲል ነው።

የዚህ መድኃኒት ጥቅምና ጉዳት በተነሳ ቁጥር ያ ሲኒ ትዝ ይለኛል። ጉዳቱ በየቀኑ አብሮ ይውላል፤ እጅ ላይ ይታያል፣ ሚዛን ላይ ሲወጡ ይቆጠራል። ጥቅሙ ግን ሳይሆን የቀረ ነገር ነው፦ ያልተሸጠ ሱቅ፣ ያልፈረሰ ትዳር፣ ያልጠፋ ነፍስ። ሰው ደህና በሆነበት ወቅት መድኃኒቱን ቢያቋርጥ ብዙ አይግረመን፤ በዓይኑ የሚያየው ጉዳቱን ብቻ ነው።

ሕመሙን ባጭሩ እንየው። ባይፖላር ስሜት በሁለት ጫፎች መካከል የሚመላለስበት ሕመም ነው። ማኒያ በሚባለው ጫፍ ሰው ሳይተኛም አይደክመውም፣ ሐሳቡ ይሮጣል፣ ንግግሩ አይያዝም፣ ገንዘብ ይበትናል፤ አንዳንዱ ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ እስከ መስማት ይደርሳል። በሌላኛው ጫፍ ድባቴ አለ፤ ለሳምንታት ከአልጋ መነሳት ያቅታል፣ ሞት ያስመኛል። በመካከሉ ሰውየው ፍጹም ጤነኛ የሚሆንባቸው ወራትና ዓመታት አሉ። ቡታጅራ አካባቢ በተካሄደ ጥናት ሕመሙ የተገኘው ከ200 ሰው በአንዱ ገደማ ነው። መድኃኒቱ የተነሳውን ያበርዳል፤ ዋናው ሥራው ግን ቀጣዩ እንዳይመጣ መከላከል ነው።

የሊቲየም ጥቅምና ጉዳት በአንድ ሰው ሕይወት ላይ ጎን ለጎን የታየበት ታሪክ አለ። ጆን ኬድ የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም በ1948 እ.ኤ.አ. ሜልበርን በሚገኝ ሆስፒታል፣ ማኒያ ለ5 ዓመት አልለቀው ላለ የ51 ዓመት ሰው ሊቲየም መስጠት ጀመረ። ሰውየው በሳምንታት ውስጥ ተረጋጋ፤ በወራት ውስጥ ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ቀድሞ ሥራው ተመለሰ። ከዚያ መድኃኒቱን ተወው፤ አገረሸበትና ተመልሶ ገባ። ሊቲየሙ እንደገና ተጀመረለት፤ በ1950 እ.ኤ.አ. ያው ሊቲየም መርዞት ሞተ። በዚያን ጊዜ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ምን ያህል እንደደረሰ መለካት ገና አልተለመደም ነበር።

ዛሬ ይለካል፤ የሊቲየም ነገር ሁሉ የተንጠለጠለውም በዚህ ልኬት ላይ ነው። የሚያድነው መጠንና የሚመርዘው መጠን ይቀራረባሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው በሊትር ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል ነው፤ ከ1.5 ካለፈ መመረዝ ያሰጋል። ኪኒኑ ሲጀመርና መጠኑ በተቀየረ ቁጥር ከሳምንት ገደማ በኋላ ደም ይታያል፤ ከተረጋጋ በኋላ በየ3 ወይም በየ6 ወሩ። ደሙ የሚቀዳው የመጨረሻው ኪኒን ከተዋጠ 12 ሰዓት ገደማ ሲሞላው ነው። ለዓመታት ሲወሰድ የታይሮይድ እጢን ሊያዳክምና ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል፣ እነዚህም በየ6 ወሩ ይመረመራሉ። ይህ ሁሉ በየጤና ጣቢያችን አይገኝም። የደም ክትትል በሌለበት ቦታ ሊቲየም መጀመር የለበትም፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም የሚለው ይህንኑ ነው።

ኩላሊት ሊቲየምን የሚያስተናግደው እንደ ጨው ነው። ሰውነት ውኃና ጨው ሲያንሰው ሊቲየሙንም ጨብጦ ያስቀረዋል። ስለዚህ ተቅማጥ፣ ትውከት፣ ብርቱ ላብ ወይም በድንገት ጨው ማቆም መጠኑን ያንረዋል። ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት ያለ ውኃ የሚጾሙ፣ ረመዳንን የሚጾሙም ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪማቸውን ማማከር አለባቸው። ለወገብ ሕመም ከመድኃኒት ቤት የሚገዙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን፣ ለደም ግፊት የሚታዘዙት ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድም የሊቲየሙን መጠን ያንራሉ። ሊቲየም የሚወስድ ሰው አንደበቱ ከተኮላተፈ፣ ከተንገዳገደ፣ እጁ ከወትሮው በላይ ክፉኛ ከተንቀጠቀጠ፣ በላዩም ትውከትና ተቅማጥ ከያዘው፣ ቀጣዩን ኪኒን ሳይውጥ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት።

ይህን ያህል ጣጣ ካለበት ማን ይፈልገዋል ይባል ይሆናል። ማኒያና ድባቴ እንዳያገረሹ ለዓመታት በመከላከል የሊቲየምን ያህል የተፈተነ የለም፤ ራስን የማጥፋት አደጋን በመቀነስም ጠንካራው ማስረጃ የእሱ ነው። ቤቱ ውስጥ አንድ ጊዜ ሕመሙ ሲያገረሽ ያየ ቤተሰብ፣ በየ3 ወሩ ደም መመርመርን ከምን ጋር እንደሚመዝነው ያውቃል።

ከሊቲየም ሌላ በብዛት የሚታዘዘው ሶዲየም ቫልፕሮኤት ነው። ማኒያን ቶሎ ያበርዳል። ነገር ግን ልጅ መውለድ በምትችል ሴት ላይ ሚዛኑ ይገለበጣል። በእርግዝና ወቅት ከተወሰደ ከ10 ሕፃናት አንዱ ገደማ ከባድ የአፈጣጠር ጉድለት ይዞ ይወለዳል፤ ከ10ሩ ከ3 እስከ 4 የሚሆኑት በአእምሮ እድገታቸው ወደ ኋላ ሊቀሩ ይችላሉ። ፎሊክ አሲድ መውሰድ ይህን አደጋ አያስወግደውም። ይህን ማንም ሳይነግራት መድኃኒቱን ለዓመታት የዋጠች ሴት ጥቂት አይደለችም፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ማርገዝ ያሰበች ሴት፣ ያረገዘችም ብትሆን፣ በገዛ እጇ አታቋርጥ፤ በፍጥነት ሐኪም ዘንድ ሄዳ መድኃኒቱ ስለሚለወጥበት መንገድ ትነጋገር። ከወሊድ በኋላ ያሉት ሳምንታት ሕመሙ ክፉኛ የሚያገረሽባቸው ስለሆኑ፣ ያለ ምንም መድኃኒት መቆየትም የራሱ አደጋ አለው። ካርባማዜፒን የእርግዝና መከላከያ ኪኒንንና አንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶችን ኃይል ያሳጣል። ኦላንዛፒን ቶሎ ያረጋጋል፣ ያስተኛል፤ ግን ክብደትና ስኳር ስለሚጨምር ወገብና የደም ስኳር እየተለካ ይወሰዳል። ሃሎፔሪዶል ሰውነትን ሊያደርቅና ሊያስር ይችላል። ለድባቴ ብቻ የሚታዘዙት እነ አሚትሪፕቲሊንና ፍሎክሴቲን ደግሞ ባይፖላር ላለበት ሰው ብቻቸውን ከተሰጡ ማኒያ ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ለድባቴ ሐኪም ዘንድ የሄደ ሰው፣ ከዚህ ቀደም ሳይተኛ የከረመበትና ገንዘብ የበተነበት ወቅት እንደነበረ መናገር ያለበት ለዚህ ነው።

ጸበል የሚገቡ ብዙ ሕሙማን መድኃኒቱን እቤት ትተው ይሄዳሉ። ሁለቱን አብሮ መያዝ ይቻላል። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ለኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒቱንና ጸበሉን አብረው እንዲወስዱ በይፋ ተናግረው ነበር፤ ለዚህም ሕመም ያው ነው። ጫት ግን እንቅልፍ ስለሚነሳ ማኒያን ይጠራል፤ በዚህ ላይ መሐል ቤት የለኝም።

ማቆም የፈለገ ሰው የማቆም መብት አለው። ሊቲየም በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ ግን ማኒያ ቶሎ ያገረሻል፤ ስለዚህ የሚቀነሰው በሐኪም ክትትል ቢያንስ በ4 ሳምንት፣ ቢቻል በ3 ወር ነው። ከዚያ በፊት ግን “ይሄ ጉዳት መጠኑ ቢቀነስ ይሻለዋል? ሰዓቱ ቢቀየርስ? ሌላ መድኃኒት አለ?” ብሎ መጠየቅ ይገባል። እንዲህ የጠየቀን ሕመምተኛ የሚቆጣ ባለሙያ ከገጠመ ሌላ መፈለግ ነው። የማይታየውን ጥቅም ለማየት ደግሞ አንድ ደብተር ይበቃል።

የወዳጄ እህት እንዲህ ያለ ደብተር አላት፤ የተማሪ፣ ባለ 50 ቅጠል። በግራ በኩል ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ በቀኝ ስለ እጁ፣ ስለ ጥሙ፣ ስለ ክብደቱ ትጽፋለች። ካገረሸበት በኋላ ሐኪሙ ዘንድ ይዘውት ሲሄዱ፣ የሌሊቱ እንቅልፍ ከ7 ሰዓት ወደ 5፣ ከዚያ ወደ 2 የወረደባቸው ቀናት ገጹ ላይ ነበሩ፤ ኪኒኑን የተወበትም ቀን። ወዳጄ ደብተሩን ተቀብሎ ለብዙ ደቂቃ ያን ገጽ ሲያይ ቆየ። “እንዲህ በፍጥነት ነው እንዴ?” አለ። ሐኪሙ ደሙን አስመርምሮ ሊቲየሙን በአነስተኛ መጠን መለሰለት፤ ለመንቀጥቀጡም ፕሮፕራኖሎል ጨመረለት።

እጁ አሁንም ጭራሽ አልተወውም። ቡና ሲቀርብ “ግማሽ ቅጂልኝ” ይላል።