የመሸበት እንግዳ

ጭላሎ ጉም ለብሶ የአርሲ ደጋ ብርድ ሲበረታ፣ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ» የሚለውን መንገደኛ ባለቤቱ ጠባዩን መርምሮ ነውን የሚያስገባው?

ተመሳሳይ ጾታን በማፍቀሩ ተሳዶ ከአሰላ የሚሸሽ ወጣትም እንዲህ ያለ ደጅ ይፈልጋል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 629 ድርጊቱን በቀላል እሥራት ስለሚቀጣ፣ መጠጊያው ባሕር ማዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 የተፈረመው የስደተኞች ስምምነት በማኅበራዊ ቡድን አባልነቱ የሚሳደደውን ሰው ስለሚጠብቅ፣ ብዙ አገሮች በዚሁ መሠረት ጥገኝነት ይሰጡታል።

ነገር ግን በመርማሪው ፊት የሚያስተረጉምለት ብዙ ጊዜ ያገሩ ሰው ነው። ወሬው ቤተሰቡ ዘንድ እንዳይደርስ ፈርቶ እውነቱን ከደበቀ፣ ጥገኝነቱን ሊያጣ ይችላል።

እንግዲህ ነገ ለትምህርት ወጥተው እንዲህ ያለ ሰው ቢገጥምዎ፣ ቃሉን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይተርጉሙለት፤ ምሥጢሩንም ይጠብቁለት። ለመሸበት ደጅ መክፈት ይኸው ነው።