አርባ አንድ ቀን

(ምስል፦ ስድስት ኪሎ፣ ማለዳ። ካሜራው በዋናው በር ይገባል፤ ገነተ ልዑል ሕንጻ ፊት ለፊት ካለው ደረጃ ሥር ይቆማል። የእግር ኮቴ ብቻ ይሰማል።)

ተራኪ፦ ይህ ደረጃ የትም አያደርስም። ጣሊያኖች ፋሺዝም ሥልጣን ላይ ለቆየበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን እየጨመሩ ወደ ሰማይ የሰቀሉት ነው፤ ከነጻነት በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ወጣበት። ግቢው ቤተ መንግሥት ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት፣ ተቋሙም በስማቸው ተጠራ። ስጦታው እውነተኛ ስጦታ ነበር፤ ይህን መካድ ንፉግነት ነው። ቤቱን የሰጠ ጌታ ግን በቤቱ ውስጥ የሚነገረውንም አብሮ የሰጠ አይመስለውም። ዛሬ የምንከተለው ክርክር የሚነሣው ከዚያ ነው፤ ክርክሩም ተማሪው ስለተናገረው ነገር ብቻ ሳይሆን ስለተሰጠው መልስ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከዚህ ግቢ አይደለም፤ ከአራት ኪሎ ነው። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በየዓመቱ የኮሌጅ ቀን ይከበር ነበር። በዚያ በዓል ተማሪዎች በግጥም ይወዳደራሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ተገኝተው ያደምጣሉ። ይህ ከውጭ የመጣ ልማድ ብቻ አልነበረም። በአገራችን ለባለሥልጣን ፊት ለፊት መናገር የሚያስቀጣው ሁሉ በግጥም ሲሆን ይታለፍ ነበር፤ አዝማሪው በጌታው ግብር ላይ ጌታውን ይጎሽማል፣ የቅኔ ተማሪውም ወርቁን በሰም ሸፍኖ መምህሩን ይነካል። ሰሚው መስማቱን ሳያምን ይሰማል፤ ተናጋሪውም መናገሩን ሳያምን ይናገራል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. እነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ የኮሌጁ ተማሪዎች ለድጋፍ አደባባይ ወጡ። ሙከራው ከሸፈ። በዚያው ዓመት በኮሌጅ ቀን ታምሩ ፈይሳ የሚባል ተማሪ ግጥሙን ይዞ ቀረበ፤ ርእሱ «ድሃው ይናገራል» ነው። ርእሱን ልብ ይሏል። ሰም የለውም፤ ወርቁ ራቁቱን ነው የቆመው። ድሃ ለምኖ፣ አልቅሶ፣ አቤት ብሎ ያውቃል፤ እነዚህ ሁሉ በቤተ መንግሥት ደጃፍ የታወቀ ቦታ አላቸው። «ይናገራል» ግን ሌላ ነው። የሚናገር ሰው ምጽዋት ሳይሆን ምላሽ ይጠብቃል። የግጥሙ በዓል ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አልቀጠለም። ቁጥጥሩ ጠበቀ፤ ንጉሡና ተማሪው በአንድ ጣሪያ ሥር የሚደማመጡበት ያ ጠባብ መስኮት እያደር ተከደነ። በዚህ ትረካ ውስጥ ከጠፉት ነገሮች ሁሉ እጅግ የሚያስቆጨው እሱ ነው።

(ምስል፦ ፓርላማው፣ ከአራት ኪሎ አደባባይ በኩል።)

አንድ የቆየ ተቃውሞ አለ፤ ዛሬም በየቤቱ ይሰማል። ተማሪ ይማር፣ ፖለቲካውን ለባለቤቱ ይተው ይላል። ተቃውሞው የሚንቁት አይደለም፤ ወላጅ ልጁን ከገጠር የላከው ሰልፍ እንዲወጣ አልነበረም፣ ወጪውንም የሸፈነው ግብር ከፋዩ ነው። ነገር ግን ባለቤቱ ማን ነበር? በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 የንግግርና የጽሑፍ ነጻነት በሕግ መሠረት የተጠበቀ መሆኑን ይናገራል። ፓርላማ ነበረ፤ ፓርቲ ግን አልነበረም። ጋዜጦች ነበሩ፤ የመንግሥት ነበሩ። የመሬት ጥያቄ ገበሬውን የሚነካውን ያህል ማንንም አይነካም፤ ገበሬው ግን የሚናገርበት ቦታ አልነበረውም። የካቲት 18 ቀን 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማው ሲተሙ የሰው ሥራ ቀምተው ሳይሆን ሠራተኛ ያጣ ሥራ አንሥተው ነው። መንግሥት በ1959 ዓ.ም. ሰልፍን የሚገድብ አዋጅ አወጣ። ከዚያ ወዲያ ንግግሩ ይበልጥ ወደ ወረቀት ገባ።

(ምስል፦ በቤተ መጻሕፍት ጠረጴዛ ላይ ያረጁ የተማሪ ኅትመቶች።)

ኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ኅብረት ልሳን በነበረው «ስትራግል» ላይ የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪው ዋለልኝ መኰንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው በእንግሊዝኛ ወጣ። አጭር ጽሑፍ ነው። ኢትዮጵያ የብዙ ብሔሮች አገር እንደሆነችና ኢትዮጵያዊነት የሚባለው የአንድ ወገን ባህል ጭምብል እንደሆነ ይከራከራል። ብዙ ሊባልበት የሚችል፣ ችኩልና ደፋር የወጣት ጽሑፍ ነው፤ የታሪክ መምህሩም፣ የሕግ መምህሩም፣ እዚያው ማደሪያ ቤት ያለው ጓደኛውም አንድ በአንድ ሊሞግቱት ይችሉ ነበር። ለዚያ የሚያስፈልገው ጊዜ ነው። የተገኘው ጊዜ 41 ቀን ሆነ። ቁጥሩ ከሕገ መንግሥቱ የንግግር ነጻነት አንቀጽ ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ነው፤ ግን ያሳቅቃል። ታኅሣሥ 19 ማታ የተማሪዎች ኅብረት ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው አፍንጮ በር አካባቢ በጥይት ተመታ። ጥላሁን የልዕልት ሣራ ግዛው ወንድም ነበር፤ ለቤተ መንግሥቱ ባዕድ አልነበረም። በማግስቱ ተማሪዎች አስከሬኑን ከሆስፒታል ወደ ግቢያቸው ወሰዱ፤ ክብር ዘበኛ ገባ፣ ተኩስ ተከፈተ፣ ሌሎችም ተማሪዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲያ የዋለልኝን ጽሑፍ እንደ ጽሑፍ ማንበብ አስቸጋሪ ሆነ። ደም ከነካው በኋላ መጠራጠር ክህደት መሰለ፤ ሊታረም ይችል የነበረ ረቂቅ ኑዛዜ ሆኖ ቀረ።

(ምስል፦ ራስ መኰንን አዳራሽ፣ ባዶ ወንበሮች።)

ይህ ፕሮግራም እዚህ ላይ ሊያበቃ ታስቦ ነበር፤ ታፋኝና አፋኝ ተለይተው። ይህ አዳራሽ ግን አላስኬደንም። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. እዚህ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጀ። ትርኢቱን የባዕድ ባህል ወረራ አድርገው ያዩ ተማሪዎች ተቃወሙ፤ መቃወም መብታቸው ነበር። ነገሩ ግን በመቃወም አልቆመም። ለማየት የመጡ እንግዶች ተሰደቡ፣ ተንገላቱ። አጭር ቀሚስ የአገርን ዕጣ አይወስንም ብሎ ነገሩን ማቅለል ይቻላል፤ ሆኖም ያልወደዱትን በዱላ ማስቆም ቀሚስ ላይ ተለማምዶ ሐሳብ ላይ ይደርሳል። ከአብዮቱ በኋላ ኢሕአፓና መኢሶን፣ ሁለቱም የዚሁ ንቅናቄ ልጆች፣ በጋዜጣ የጀመሩትን ክርክር በመሣሪያ ጨረሱት፤ ደርግ ደግሞ ሁለቱንም ጨረሳቸው። የነጻ ንግግር ፍሬ ይህ ነው የሚሉ አሉ። ለእነርሱ የምንመልሰው፣ እነዚህ ወጣቶች ከነጻ ንግግር ጋር የኖሩት በጣም ጥቂት ጊዜ ነው የሚል ነው፤ የተማሩት በኅቡዕ፣ በምስጢር ስምና በአባል ታማኝነት ነው፤ እዚያ ተከራካሪን ለማሸነፍ ማስረዳት አያስፈልግም። መልሳችን ግን ሁሉንም አይሸፍንም። ራስ መኰንን አዳራሽ ውስጥ ያስገደዳቸው ፖሊስ አልነበረም።

(ምስል፦ ወደ ዋናው በር መመለስ። የተማሪዎች መውጫ ሰዓት።)

ሥርዓቱ ሁለት ጊዜ ተለወጠ። በ1985 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲው ከ40 በላይ መምህራን ተሰናበቱ፤ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ አንዱ ነበሩ። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. ደግሞ ተማሪዎች ሦስት ነገር ጠየቁ፦ የታጠቀ ኃይል ከግቢ ይውጣ፣ የተማሪዎች ኅብረት ይከፈት፣ ጋዜጣቸው ይታተም። ሁከቱ ወደ ከተማው ተስፋፋ፤ ወደ 40 የሚጠጉ ሰዎች መሞታቸውን የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ዘገቡ። በዚያው ሰሞን በግቢው ስለ መብት ለተማሪዎች የተናገሩት ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምና ዶክተር ብርሃኑ ነጋ፣ ሁከት አነሣሥታችኋል ተብለው ታሰሩ። ከዋለልኝ ጽሑፍ ወዲህ 31 ዓመት አልፎ ነበር። ጋዜጣ ይታተምልን ካሉት ልጆች አብዛኞቹ፣ ጥላሁን ሲገደል ገና አልተወለዱም።