በ15 ሽልንግ የተጀመረ ሙያ

በእንግሊዝ መድረክ ላይ የሴትን ገጸ ባሕርይ ሴት መጫወት የጀመረችው በ1660 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ ከስደት ተመልሰው ቲያትር ቤቶች ከተከፈቱ በኋላ ነው። በሼክስፒር ዘመን ጁልየትንም ሆነ ኦፊሊያን የሚጫወቱት ድምፃቸው ገና ያልጎረነነ ወንዶች ልጆች ነበሩ። ኤለን ቴሪ በ1847 ኮቨንትሪ ከተማ ስትወለድ ተዋናይት ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ክብሩ ግን ገና አልመጣም።

ወላጆቿ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ቲያትር የሚያሳዩ ተዋንያን ነበሩ። ትምህርት ቤት አላስገቧትም፤ አነጋገሩንም አቋቋሙንም ያስተማሯት እነሱው ናቸው። በ1856፣ በዘጠኝ ዓመቷ፣ ለንደን ውስጥ በቻርልስ ኪን ቡድን «የክረምት ተረት» ላይ የንጉሡን ትንሽ ልጅ ሆና ስትወጣ ንግሥት ቪክቶሪያ ከተመልካቾቹ መካከል ነበሩ። የሳምንት ደመወዟ 15 ሽልንግ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ፐክ የተባለውን መንፈስ እንድትጫወት ተሰጣት። ፐክ ብቅ የሚለው ከመድረኩ ወለል በተቀደደ ቀዳዳ ነው። አንድ ምሽት የቀዳዳው መዝጊያ ያለጊዜው ተዘጋና የእግሯን ጣት ጨፈለቀው። ልጅቷ ጮኸች። ወይዘሮ ኪን ሮጠው መጡና ጨዋታውን ከጨረሰች ደመወዟን እጥፍ እንደሚያደርጉላት ቃል ገቡላት። ጣቷ ተሰብሮ የመጨረሻውን ንግግር ተወጣችው፤ 30 ሽልንጉም ተከፈላት። ይህን ራሷ በሕይወት ታሪኳ ጽፋዋለች። በልጅ ሕመም ላይ ዋጋ መደራደር ዛሬ ስናነበው ይዘገንናል። ለኤለን ግን የሙያው የመጀመሪያ ትምህርት እሱ ነበር።

ገና 17 ዓመት ሳይሞላት፣ የ46 ዓመቱን ሠዓሊ ጆርጅ ፍሬድሪክ ዋትስን አግብታ መድረኩን ተወች። ትዳሩ ዓመት አልደፈነም። ከዚያ ከአርክቴክቱ ኤድዋርድ ጎድዊን ጋር ሳይጋቡ ገጠር ገብተው ኖሩ፤ ሁለት ልጆችም ወለደችለት። ዕዳው ቤታቸውን አጨናነቀው። አንድ ቀን የጋሪዋ ጎማ ወልቆ መንገድ ዳር ቆማ ሳለ፣ ለአደን የወጣው ደራሲ ቻርልስ ሪድ አያትና ወደ ቲያትር እንድትመለስ ይለምናታል። በሳምንት 40 ፓውንድ ከከፈልከኝ አለችው፤ እሱም ሳያቅማማ ተስማማ። ያገባች እንግሊዛዊት በላቧ ያገኘችውን ደመወዝ ባሏ ሳይሆን እሷ እንድትይዘው ሕግ ከፈቀደ ያኔ ገና አራት ዓመቱ ነበር። ልጆቿን ያሳደገችው በዚህ ገንዘብ ነው።

ከ1878 ጀምሮ በሊሲየም ቲያትር ከተዋናዩ ሄንሪ ኧርቪንግ ጋር ከሃያ ዓመት በላይ ሠራች፤ ደመወዟም በሳምንት 200 ፓውንድ ደረሰ። በ1888 ሌዲ ማክቤዝን ስትጫወት የለበሰችው አረንጓዴ ቀሚስ አንድ ሺህ ያህል የጥንዚዛ ክንፍ የተሰፋበት ነበር። የመድረኩ መብራት ሲያርፍበት እንደ እባብ ቆዳ ያብረቀርቃል። ሠዓሊው ሳርጀንት ቀሚሱን ለብሳ ዘውዱን ወደ ራሷ ስታነሣ የሣለው ሥዕል ዛሬ ለንደን ቴት ሙዚየም አለ፤ ቀሚሱ ራሱ ኬንት ውስጥ በሚገኘው የድሮ ቤቷ፣ ስሞልሂዝ፣ ታድሶ ተቀምጧል።

ኧርቪንግ በ1895 «ሰር» ተባለ። ከጎኑ ቆማ ያንኑ አዳራሽ ስትሞላ የኖረችው ሴት «ዴም» የተባለችው በ1925 ነው። ሠላሳ ዓመት! ከሦስት ዓመት በኋላ ስሞልሂዝ ውስጥ አረፈች።

ፊልም የደረሰላትም እንዲሁ ዘግይቶ ነው። በ1916 ለመጀመሪያ ጊዜ ካሜራ ፊት ስትቆም ዕድሜዋ 69 ነበር። ፊልሙ ድምፅ አልባ ነው፤ እሷን ያስከበራት ደግሞ ግማሹ ድምፅዋ ነበር።

የፊልሙ ሙያ በእርግጥ የተለመደው በሌላ ትውልድ እጅ ነው። ከለንደን ወጣ ብሎ በዋልተን፣ በሴሲል ሄፕዎርዝ ስቱዲዮ የሚሠሩት ልጃገረዶች መተወን ብቻ አልነበረም ሥራቸው። በ1903 «አሊስ በአስደናቂው ዓለም» ላይ አሊስን የሆነችው ሜይ ክላርክ ከካሜራው ፊት ዘወር ስትል ልብስና መድረክ ታሰናዳ ነበር። አልማ ቴይለርና ክሪሲ ዋይት ከ1910 ጀምሮ በወጡ አጫጭር ፊልሞች ላይ፣ ትልልቆቹን ሰዎች የሚያስመርሩ ሁለት ተንኮለኛ ልጃገረዶች ሆነው ታወቁ። የቪክቶሪያን ዘመን ጨዋነት አጥር እየዘለሉ ሲጥሱት ለማየት ሕዝቡ ይጎርፍ ነበር።

ሄፕዎርዝ በ1924 ከሰረ። ንብረቱን የተረከቡት የኪሳራ አጣሪዎች ዋናዎቹን የፊልም ቅጂዎች ለሚያቀልጥ ነጋዴ ሸጧቸው፤ የእነዚህ ሴቶች የብዙ ዓመት ሥራ በዚያው ጠፋ። የሜይ ክላርክ «አሊስ» ግን አንድ የተጎዳ ቅጂ ተርፎለት፣ የብሪታንያ የፊልም ተቋም በ2010 አድሶታል። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ ምስሉም በቦታ በቦታው ተልጦ ይታያል። ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ ከፍቶ ሊያየው ይችላል።