ያውቁ ኖሯል? ዕጢው ያበጠው መድኃኒቱ እየሠራ ስለሆነም ሊሆን ይችላል

በኬሞቴራፒ ዘመን ሕጉ ግልጽ ነበር፤ በሲቲ ስካን የተለኩት ዕጢዎች የዲያሜትር ድምር 20 በመቶና ከዚያ በላይ ከጨመረ መድኃኒቱ አልሠራም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ሜላኖማ ለተባለው የቆዳ ካንሰር የተፈቀደው ኢፒሊሙማብ ይህን ልማድ አናጋው። በአንዳንድ ታካሚዎች ዕጢው መጀመሪያ አብጦ ከሳምንታት በኋላ መሟሸሽ ጀመረ! መድኃኒቱ ካንሰሩን ራሱ አይገድልም፤ ቲ ሴል የተባሉትን የሰውነት ተከላካዮች ልጓም ይፈታል እንጂ። እነሱ ወደ ዕጢው ሲጎርፉ ቦታው ያብጣል፤ ስካኑም ካንሰሩ ያደገ ያስመስላል።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው አይሬሲስት የተሰኘ የጥናት መመሪያ፣ እንዲህ ያለውን ውጤት መጀመሪያ «ያልተረጋገጠ እድገት» ብሎ ይመዘግበዋል። ታካሚው ደኅና ከሆነ ሕክምናው ሊቀጥል ይችላል፤ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜም ስካኑ ይደገማል። ለታካሚውና ለቤተሰቡ ይህ ከባድ የጥበቃ ጊዜ ነው፤ ሐኪሙ ምክንያቱን አስቀድሞ ቢያስረዳቸው ብዙ ጭንቀት ያቀልላል።

እንዲህ ያለው ሐሰተኛ እድገት ግን ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፤ አብዛኛው የዕጢ ማደግ የእውነት ማደግ ነው። ሁለቱን ለመለየት አንዳንድ ማዕከላት በደም ውስጥ የሚንሳፈፈውን የዕጢ ዲኤንኤ ይለካሉ። ስካኑ አድጓል ሲል የዲኤንኤው መጠን እየወረደ ከሆነ፣ መድኃኒቱ እየሠራ ለመሆኑ ጥሩ ፍንጭ ነው።