የሞተር መጋዝን ሰንሰለት በእጅ ስለ መሳል

በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ አካባቢዎች ባሕር ዛፍ የማይታይበት መንደር ጥቂት ነው። ይህ ዛፍ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም፣ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ከውጭ አገር መጥቶ ከተተከለ ወዲህ ለማገዶ፣ ለማገርና ለወራጅ፣ ለአጥርና ለምሰሶ ሲያገለግል ቆይቷል። በብዙ ገበሬዎች ዘንድ በጓሮ የቆመ ባሕር ዛፍ ለክፉ ቀን እንደ ተቀመጠ ገንዘብ ይቆጠራል። ግንዱ ቀድሞ የሚቆረጠው በመጥረቢያ፣ ወይም ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘው በሚስቡት ረጅም መጋዝ ነበር። ዛሬ ግን በብዙ ስፍራ በቤንዚን የሚሠራ የሞተር መጋዝ ይህንን ሥራ ተረክቧል።

የሞተር መጋዝ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ፣ ጉልበቱም የሚያስፈራ መሣሪያ ስለሆነ፣ እንጨቱን የሚቆርጠው ሞተሩ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ይሁን እንጂ የሞተሩ ተግባር ሰንሰለቱን ማሽከርከር ብቻ ነው። እንጨቱን የሚቆርጠው በሰንሰለቱ ላይ በተራ የተደረደረው ጥርስ ነው። ጥርሱ ስል ካልሆነ የሞተሩ ጉልበት በአብዛኛው ወደ ሙቀት ተለውጦ በከንቱ ይቀራል። ስለዚህ የሞተር መጋዝ የሚይዝ ሰው ሁሉ ሰንሰለቱን በሞረድ መሳልን አብሮ መማር ይኖርበታል። ለዚህም አንድ ድቡልቡል ሞረድ፣ አንድ ጠፍጣፋ ሞረድና ጥቂት ትዕግሥት ይበቃሉ።

ሞተሩ በሙሉ ኀይሉ ሲሠራ ሰንሰለቱ በየሰከንዱ 20 ሜትር ያህል ይጓዛል። በዚህ ፍጥነት የሚሄድ ጥርስ ለዐይን ጥቅሻ ያህል መሬት ቢነካ፣ በአፈሩ ውስጥ ያለው አሸዋና ጠጠር ስለቱን ያጥፈዋል። መሬት ላይ የተጋደመ ግንድ ሲቆረጥ መጋዙን እስከ አፈሩ ድረስ መልቀቅ ትልቅ ስሕተት የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። በአቧራማ መንገድ ዳር የበቀለ ዛፍ ቅርፊት፣ ከፈረሰ ቤት በተነሣ ምሰሶ ውስጥ ተደብቆ የቀረ ምስማርም እንዲሁ ጥርስ ያበላሻሉ። እነዚህ ሁሉ ባይኖሩ እንኳ እንጨቱ ራሱ ስለቱን ቀስ በቀስ ይበላዋል። የደረቀ ባሕር ዛፍ በዚህ ረገድ በተለይ ጨካኝ ነው።

ሰንሰለቱ መደነዙን ለማወቅ ብዙ ምርመራ አያስፈልግም። ስል ሰንሰለት ከእንጨቱ ወፈር ያለ ፍቅፋቂ እያነሣ ይጥላል፤ የደነዘ ሰንሰለት ግን እንደ ዱቄት የላመ ሰጋቱራ ያወጣል። ስል መጋዝ በራሱ ክብደት ወደ ግንዱ ይገባል፤ የደነዘውን ግን ሠራተኛው በክንዱ መጫን ግድ ይሆንበታል። አደጋውም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። መጋዙን በኀይል የሚጫን ሰው ክንዱ ይዝላል፤ የሰውነቱንም ሚዛን በመጋዙ ላይ ያሳርፋል። መጋዙ ግንዱን በድንገት ጨርሶ ሲወጣ ሰውየው አብሮት ይወድቃል፤ የሚሽከረከረውም ሰንሰለት ወደ እግሩ ሊወርድ ይችላል። ነገሩ በደነዘ ቢላዋ ሥጋ የሚከትፍ ሰው ጣቱን ከሚቆርጥበት ምክንያት የተለየ አይደለም፤ ልዩነቱ የቁስሉ መጠን ነው።

ጉዳቱ በሰውና በመሣሪያው ላይ ብቻ አያበቃም። ባሕር ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ ያው ጉቶ ሌላ ምርት ይሰጣል። ጉቶው በአንድ ወገን ዘቅዘቅ ተደርጎ በስል መጋዝ ከተቆረጠ ውሃ አይቋጥርም፤ ቅርፊቱም ከእንጨቱ ጋር እንደ ተጣበቀ ይቆያል። የደነዘ መጋዝ ያኘከው ጉቶ ግን ቅርፊቱ ሊላጥ ይችላል፤ አዲሱ ቡቃያ የሚወጣው ደግሞ ከዚያው ከቅርፊቱ በኩል ነው።

ጥርሱን በሚገባ ለመሳል አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። የቀድሞዎቹ የሞተር መጋዝ ሰንሰለቶች ጥርሳቸው እንደ እጅ መጋዝ ጥርስ ቀጥ ብሎ የቆመ ሹል ስለነበረ እንጨቱን ከመፈቅፈቅ ይልቅ ይቧጥጡት ነበር። ስለቱን ለመጠበቅም ብዙ ጊዜና ድካም ይጠይቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በኦሪገን ክፍለ ግዛት ጆሴፍ ኮክስ የተባለ እንጨት ቆራጭ በአንድ ጉቶ ውስጥ የጢንዚዛ እጭ እንጨት ሲበላ ተመለከተ። እጩ የእንጨቱን ክር ተከትሎም ሆነ አቋርጦ እንደ ልቡ ይሄድ ነበር። ኮክስ የእጩን መንጋጋ በመረመረ ጊዜ አንድ ጊዜ ወደ ግራ፣ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ እየተፈራረቀ እንደሚቆርጥ ተረዳ። ከዚህ በመነሣት ይህንኑ አቆራረጥ የሚከተል የብረት ሰንሰለት ሠራ፤ በሚቀጥለውም ዓመት በመኖሪያ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ማምረት ጀመረ። ዛሬ በሥራ ላይ የሚገኙት ሰንሰለቶች በአብዛኛው የዚያ ሰንሰለት ዝርያዎች ናቸው። በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ደን የቆረጠው መሣሪያ ጥርሱን ከአንድ ትል መዋሱ ይገርማል።

በዚህ ዓይነቱ ሰንሰለት ላይ አንዱ ጥርስ ወደ ግራ፣ ቀጣዩ ወደ ቀኝ እያየ በተራ ይከታተላሉ። ለምሳሌ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው መጋዝ ላይ 28 ጥርስ ቢኖር፣ 14ቱ የግራ፣ 14ቱ የቀኝ ይሆናሉ ማለት ነው። እያንዳንዱ ጥርስ ከላይ ጠፍጣፋ ጣራ፣ ከጎን ደግሞ ግድግዳ አለው። ጣራውና ግድግዳው በፊት በኩል የሚገናኙበት ጥግ ዋናው ስለት ነው። ከጥርሱ ፊት እንደ ትንሽ ጉብታ የቆመች ሌላ ብረት አለች። ይህች ጉብታ ስለማትቆርጥ ብዙ ሰው ልብ አይላትም። ሥራዋ ግን ጥርሱ በአንድ ጊዜ ምን ያህል እንጨት እንደሚነክስ መወሰን ስለሆነ፣ ልክ ጠባቂ ብትባል ስሙ ይስማማታል።

የአናጢን መላጊያ ያየ ተማሪ ይህንን በቀላሉ ይረዳዋል። የመላጊያው ስለት ከእንጨት አካሉ በታች በጥቂቱ ወጣ ብሎ ይታሰራል። እጅግ ከወጣ እንጨቱን ነክሶ ይቆማል፤ ጨርሶ ካልወጣ ደግሞ የቱንም ያህል ስል ቢሆን በእንጨቱ ላይ እየተንሸራተተ ያልፋል። የሰንሰለቱ ጥርስ እንደ መላጊያው ስለት፣ ልክ ጠባቂዋም እንደ መላጊያው አካል ናቸው። በብዙ ሰንሰለቶች ላይ በጥርሱ ጣራና በልክ ጠባቂዋ አናት መካከል የሚኖረው የከፍታ ልዩነት 0.65 ሚሊ ሜትር ያህል ነው።

መሳል ከመጀመሩ በፊት ሞተሩ ጠፍቶ መቀዝቀዝ፣ የካንዴላውም ሽቦ መነቀል አለበት። ስፍራው ከምድጃና ከሕፃናት ራቅ ያለ፣ ብርሃን የሞላበት ቢሆን ይመረጣል። ሰንሰለቱ በብሩሽ ከቅባትና ከሰጋቱራ ይጸዳል፤ ሠራተኛውም ወፍራም ጓንት ያጠልቃል። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ምላስ መሰል ብረት በሞርሳ ይታሰራል። በየቤቱ ሞርሳ አይገኝም፤ ስለሆነም በአንድ ወፍራም ጉቶ አናት ላይ ቀጥ ያለ ስንጥቅ አውጥቶ ምላሱን በዚያ ውስጥ በሽብልቅ ማጥበቅ በቂ ነው። እንዲያውም ጫካ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ ሞርሳ የለም።

የድቡልቡሉ ሞረድ ውፍረት እንደ ሰንሰለቱ ዓይነት ይለያያል። በአነስተኛና በመካከለኛ መጋዞች ዘንድ የተለመዱት ሞረዶች 4 ሚሊ ሜትር፣ 4.8 ሚሊ ሜትርና 5.2 ሚሊ ሜትር ናቸው። የትኛው እንደሚስማማ ከመጋዙ ጋር በሚመጣው መመሪያ ላይ ይገኛል። ከሚገባው በላይ ቀጭን የሆነ ሞረድ ጥርሱን ከሥር ቦርቡሮ ያሳሳዋል፤ ወፍራሙም ስለቱን ያደነዝዘዋል።

ሞረዱ በጥርሱ ጎድጓዳ ውስጥ ሲቀመጥ ከውፍረቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ ከጥርሱ ጣራ በላይ መታየት ይኖርበታል። አቅጣጫው ከምላሱ ጋር አግድም ሳይሆን ሰያፍ ሲሆን፣ በብዙ ሰንሰለቶች ላይ የሰያፉ ልክ 30 ዲግሪ ነው። አንዳንድ ሠሪዎች ይህንን ልክ በጥርሱ ጣራ ላይ በትንሽ መስመር ስለሚቀርጹት፣ ሞረዱን ከመስመሩ ጋር ትይዩ አድርጎ መያዝ ነው። ሞረዱ ከጥርሱ ውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል። የጥርሱ ውጫዊ ገጽ በጠንካራ ክሮም የተለበጠ በመሆኑ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚገፋ ሞረድ የራሱ ጥርስ ቶሎ ያልቃል። ሞረድ የሚቆርጠው ሲገፋ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሲመለስ ከጥርሱ ላይ ይነሣል። እየጎተቱና እየገፉ መፈተግ የለማጅ ሰው ምልክት ነው።

በቅድሚያ ከሁሉ ያጠረው ጥርስ ተፈልጎ በጠመኔ ምልክት ይደረግበታል። ሌሎቹ ሁሉ በእርሱ ልክ ማጠር ስላለባቸው፣ መለኪያው እርሱ ነው። ከዚያ የአንዱ ወገን ጥርሶች በሙሉ አንዱን እየዘለሉ ይሳላሉ፤ ወገኑ ሲያልቅ ሠራተኛው ዞሮ የሌላውን ወገን ይጀምራል። ጥርሱ ብዙ ካልተጎዳ ሁለት ወይም ሦስት ግፊት ይበቃዋል። ለእያንዳንዱ ጥርስ የሚሰጠው ግፊት ቁጥር እኩል መሆን አለበት። በዚህ ላይ ግን አንድ ችግር አለ። ቀኝ እጁ የሚቀናው ሰው በአንዱ ወገን ያለ ዕውቀቱ ጠንክሮ፣ በሌላው ወገን ላልቶ ይገፋል። ቁጥሩ እኩል ሆኖ ሳለ ጥርሶቹ እኩል ሳይሆኑ ይቀራሉ፤ ይህም ሲሆን መጋዙ ግንዱን ቀጥ አድርጎ በመቁረጥ ፈንታ ስለቱና ርዝመቱ ወደሚበልጠው ወገን እየታጠፈ ይገባል። በመጨረሻም በእንጨቱ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቆማል። በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው የሚወቅሰው ምላሱን ወይም ሞተሩን ነው።

ከዚህ ይበልጥ የሚያደናግረው ሌላ ነገር ነው። ሰንሰለቱ ጥቂት ጊዜ በጥንቃቄ ከተሳለ በኋላ ስለቱ በጣት ሲዳሰስ ስል ሆኖ ሳለ እንጨት አልቆርጥም የሚልበት ቀን ይመጣል። ምክንያቱ የሚገኘው በጥርሱ ቅርጽ ላይ ነው። የጥርሱ ጣራ ከፊት ወደ ኋላ ዝቅ እያለ የሚሄድ ነው። ጥርሱ በተሳለ ቁጥር የፊቱ ስለት ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ ባፈገፈገም መጠን ቁመቱ ይቀንሳል። ልክ ጠባቂዋ ግን ሞረድ ስላልነካት በነበረችበት ከፍታ ትቆያለች። በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት እየጠበበ ሄዶ ጥርሱ እንጨቱን መንካት ያቅተዋል። ስለዚህ ሰንሰለቱ ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ከተሳለ በኋላ የልክ ጠባቂዎቹ ከፍታ በመለኪያ ይታያል፤ ከልኩ በላይ የሆኑት በጠፍጣፋው ሞረድ ዝቅ ይደረጋሉ። የፊት ጠርዛቸውም እንደ ቀድሞው ሾጠጥ ተደርጎ ይለሰልሳል።

ይህንን የተረዳ ሰው ደግሞ ወደ ተቃራኒው ስሕተት እንዳይሄድ መጠንቀቅ አለበት። መጋዙ ፈጥኖ እንዲቆርጥ ከመቸኮል የተነሣ ልክ ጠባቂዎቹን ያለ መለኪያ የሚሞርዱ አሉ። መጋዙም ለጊዜው ሲፈጥን ያዩና ይደሰታሉ። ነገር ግን ከልኩ በላይ የሚነክስ ጥርስ መጋዙን ያንቀጠቅጠዋል፣ ሞተሩንም ያስጨንቀዋል። የምላሱ ጫፍ የላይኛው ክፍል እንጨት በነካ ጊዜ መጋዙ በቅጽበት ወደ ላይና ወደ ኋላ፣ ወደ ሠራተኛው ፊትና አንገት ይፈናጠራል። ከሞተር መጋዝ አደጋዎች ሁሉ እጅግ የሚፈራው ይህ ነው፤ የልክ ጠባቂዋ ማጠርም ያባብሰዋል። እንዲህ ያለውን ጥቃቅን የከፍታ ልዩነት በዐይን ብቻ መገመት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ በግምት የሚሞርድ ሰው ስሕተቱን የሚያውቀው መጋዙ ከተፈናጠረ በኋላ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ሰንሰለቱ ከብረት ብናኝ ይጸዳል፣ ይቀባል፣ ውጥረቱም ይስተካከላል። ከዚያም ሽቦው ወደ ካንዴላው ተመልሶ መጋዙ በአንድ ንጹሕ ግንድ ላይ ይሞከራል። ፍቅፋቂው ወፍራምና እኩል ከሆነ፣ ቁርጡም ቀጥ ብሎ ከወረደ ሥራው ተሳክቷል። ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ግን ሞተሩ ይጠፋል፤ መጋዙም ወደ ጉቶው ስንጥቅ ተመልሶ ያጠረው ወገን የትኛው እንደሆነ እንደገና ይፈተሻል። ከጥርሶቹ አንዱ እንኳ ከ4 ሚሊ ሜትር በታች ካጠረ ሊሰበርና ሊፈናጠር ስለሚችል፣ ሰንሰለቱ ከእንግዲህ አይሳልም፤ በአዲስ ይለወጣል።