ፓስቴል፣ አቧራና የሴባስቶፖል መንገድ

ከሐሙሲት ወደ ወረታ የሚሄድ ሰው ዐይኑን ከአስፋልቱ አንሥቶ በግራና በቀኝ የሚገነጠሉትን ፒስታዎች ቢያይ፣ መንገድ ቀለሙን የሚወስደው ከረገጠው መሬት እንደሆነ ይገባዋል። ቀይ አፈር ባለበት ይቀላል፤ የፎገራ ሜዳ ዋልካ ላይ ሲደርስ ይጠቁራል። ጥቁረቱም ቢሆን የክረምት ነው። በበጋ ያው ዋልካ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ፣ ጎማና ኮቴም ሲያልመው፣ አመድማ ይሆናል። ይህን ሁሉ ክንድ በማይሞላ ሰሌዳ ላይ ለማሳየት የሚደክሙ ሰዎች አሉ፤ ከመሣሪያዎቻቸው አንዱም ፓስቴል የሚባለው ጠመኔ ነው።

እነዚህ ሰዎች የጦር ሜዳ ጨዋታ ተጫዋቾች ናቸው። ጨዋታው የልጆች ቢመስልም ሥሩ የጦር ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1812 ፕሩሲያዊው ፎን ራይስቪትዝ ተገጣጣሚ የመሬት ገጽታ ያለው ጠረጴዛ ለንጉሡ አቀረበ፤ መኮንን የነበረው ልጁ አሻሽሎት በ1824 የሠራዊቱ ማሠልጠኛ ሆነ። በ1913 ደግሞ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ ስለ ጨዋታው መጽሐፍ ጽፎ ወደ ሰላማዊው ሰው ቤት አስገባው። ለጨዋታው ዛሬ በብዛት የሚሠራው አሻንጉሊት ወታደር ቁመቱ 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እሱን በጥንቃቄ የቀባ ሰው መንገዱን ግን አንድ ወጥ ቡናማ ቀለም ለቅልቆ ያልፈዋል። ውጤቱ ሜዳ ላይ የተዘረጋ ጥብጣብ ነው።

ፓስቴል ከዚህ የሚያድነው ራሱ አቧራ ስለሆነ ነው። የደቀቀ ቀለም፣ ጠመኔ ወይም ጀሶ፣ ማያያዣ የሚሆን ጥቂት ሙጫ፤ በቃ። ሙጫው ጥቂት ስለሆነ በምላጭ ሲፋቅ ወዲያው ይበናል። መንገዱ አስቀድሞ ሻካራ መሆን አለበት። ኮምፔንሳቶ ላይ ቪናቪል ተቀብቶ ደቃቅ አሸዋ ይነሰነስበታል፤ ሲደርቅ የማያብረቀርቅ ቀለም ይቀባል። ለስላሳ ወይም የሚያብለጨልጭ ገጽ ብናኙን አይዝም። ከዚያ በደረቅ ቡሩሽ ሥራው ይጀመራል፦ ጎማ የሚሄድባቸው ሁለቱ መስመሮች ፈዘዝ፣ መካከላቸው ጠቆር ይላሉ፤ ጠርዙ ደግሞ መስመር ሳይኖረው ወደ ሜዳው ይቀልጣል። እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ ይህ ጠርዝ ነው፤ ፈሳሽ ቀለም እንዲህ በቀላሉ አይሠራውም።

ችግሩ ማጣበቁ ላይ ነው። ብናኙ በጣት ይጠረጋልና የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ከሩቅ ይነፋበታል። ቫርኒሹ ሲያርፍ ግን ቀለሙ ይጠቁራል፤ ነጣ ያለው አቧራ እስከ መጥፋት ይደርሳል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ከሚፈልገው አንድ ደረጃ አንጥቶ ይቀባል፤ ወይም የመጨረሻውን ነጭ ብናኝ ከቫርኒሹ በኋላ አርከፍክፎ እንዳለ ይተወዋል። ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የሚገዛ ደግሞ ልብ ይበል፤ ዘይት ያለው ፓስቴል ቢፋቅ ይላቁጣል እንጂ አይበንም። የትምህርት ቤት ባለቀለም ጠመኔ ቀለሙ ደካማ ነው፤ ነጩ ግን ለማንጫ ይሆናል። ብናኙን በአፍ እፍ ማለት ለሳንባ አይበጅም።

የትኛው መንገድ ይቀባ ለሚል ሰው፣ ታሪኩ ከወረታ ሩቅ አይደለም። ወረታ ላይ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው፣ በቻይናውያን የተሠራው የወልድያ መንገድ በደብረ ታቦርና በጋይንት አድርጎ ጨጨሆን ይወጣል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ የተነሡት በዚሁ አቅጣጫ ነበር። ጋፋት ላይ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ያቀለጡት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 7 ቶን ገደማ ይመዝን ነበር፤ ለእንዲህ ያለ ሸክም የሚሆን መንገድ ግን አልነበረም። ስለዚህ እየጠረቡና እየደለደሉ ሄዱ፤ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ይሠሩ ነበር። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ሚያዝያ 6 ቀን እንግሊዞች አምባውን ሲሰብሩ ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ።

ይህን መንገድ ሰሌዳ ላይ የሚያወጣ ሰው ወቅቱን ያስብ፤ ጉዞው አብዛኛው የበጋ ነው፣ ማለትም አቧራ። መንገዱ ደግሞ አዲስ ነው። ድንጋዩ የተፈለጠበት ገጽ ዘመን ካጠቆረው ፈዘዝ ይላል፤ ከላይ ተቆፍሮ ወደ ቁልቁለቱ የተጣለው አፈር ገና እርጥበቱ ስላልለቀቀው ይጠቁራል። መንኰራኩር ያረሰው ደለል በአመድማና በቡናማ ፓስቴል ድብልቅ ይወጣል። በዚሁ ጉዞ የተሻገሩት የጅዳ ገደል ዓለቱ ጥቁር ባዛልት ስለሆነ መሠረቱ ከሰል መሳይ ግራጫ ይሁን። አፍሪካ ሲባል በረሃ ብቻ የሚታየው ሰው ሁሉንም በአሸዋ ቢጫ ይቀባዋል፤ ደጋውን ላላየ ስሕተቱ ይገባል፣ እኛ ግን ምክንያት የለንም። ለመሞከር ያሰበ አንባቢ አንድ ማንኪያ የመንገድ አፈር አድርቆ በቀን ብርሃን ከፓስቴሎቹ ጋር ያስተያይ፤ ቢጫውንም እዚያው ሱቁ ይተወው።